አራት ጥንድ ብቻ የሚይዘው መደርደሪያ

መስከረም 14

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? እትዬስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከደህናም በላይ ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ከደስታ ብዛት መቀመጥ አቅቶኝ፣ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ነው።

ሥራ አገኘሁ። ፖስታ ቤት ነው። እስከ ጥር ሠላሳ በሙከራ እቆያለሁ፤ ከዚያ በኋላ አለቃዬ ወይ «ቋሚ ሠራተኛ ሆነሻል» ይሉኛል፣ ወይ ደግሞ አመስግነው ያሰናብቱኛል። ከተሰናበትኩ ሻንጣዬን ይዤ ወደ እማዬ ቤት ነው የምመለሰው፤ እሷ ደግሞ «ልጄ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምትሠራው» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውጃለች አሉ። እርስዎም ሳይሰሙ አልቀሩም።

ለሥራው ቅርብ የሆነች አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ጠባብነቷን ምን ልበልዎ፣ አልጋዬ ላይ ተኝቼ በሩን በእግሬ መክፈት እችላለሁ። አከራዬ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ወለሉን አምና ነው በእንጨት ያስነጠፉት፤ ስለዚህ አንድ ሕግ አላቸው። ጫማ በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ውጭ የትም አይቀመጥም። መደርደሪያው የሚይዘው አራት ጥንድ ነው። እኔ ያለኝ ዐሥራ አንድ ነው።

እስቲ አይሳቁብኝ። አንድ ቀይ ባለ ታኮ አለ፤ ለሰርግ አንድ ቀን አድርጌው ሄጄ፣ ስመለስ በእጄ ይዤው ነው የገባሁት። ሁለት ነጭ ስኒከሮች አሉ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የመጀመሪያውን ገዝቼ ረስቼው ደግሜ ገዛሁት። አንድ ቡትስ ደግሞ በቁጥር እንደሚያንሰኝ እያወቅሁ፣ ቆዳው ስላማረኝ ብቻ ገዛሁት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት እኔን ነው። አሁን ሰባቱ ጥንድ በካርቶን ሆነው አልጋዬ ሥር ተደብቀዋል። አከራዬ ብቅ ሲሉ እግሬን ዘርግቼ እከልላቸዋለሁ።

ጋሼ፣ እኔ እርስዎ ጫማ በሚሠሩበት ሱቅ ውስጥ ከወለሉ ላይ ሚስማር እየለቀምኩ ነው ያደግሁት፤ ስሙንም ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት። እስቲ ይፍረዱኝ። የትኞቹ አራት ይቅሩ?

እጅ ነሥቻለሁ፤
ሚስማርዎ

ጥቅምት 3

ለእህቴ ልጅ፣ ለሚስማሬ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ እንጀራሽ ይስፋ፣ ጫማሽ አይጥበብሽ። እኔም እትዬሽም ደህና ነን። ወገቤን ተዪው፣ እሱ ከኔ ጋር ነው ያረጀው።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ሱቅ ነበርኩ። አንዴ ለራሴ አነበብኩት። ቀጥዬ ታኮ ልታስመታ ለመጣች ነርስ አነበብኩላት። ከዚያ ጎረቤቴ ስልክ ጠጋኙ ሜትር ይዞ የሱቄን ግድግዳ ሊለካ ገብቶ ነበርና ለእሱም አነበብኩለት። ያ ከስልክ በስተቀር ምንም የማይገርመው ሰው ሜትሩን ጠቅልሎ «ዐሥራ አንድ ጥንድ?» አለ። ልጄ፣ ሰው ስለ ጫማ ምክር ከጠየቀኝ ስንት ዘመን ሆነ መሰለሽ። አሁን የሚመጣው ሁሉ «ይቺን ለጥፍልኝ፣ ቶሎ በል» ባይ ነው። ልቤ እንደ ጎረምሳ ዘለለ።

አሁን ስሚኝ። ሰው የሚሳሳተው ጫማውን ደርድሮ «የቱ ያምራል?» ሲል ነው። ሁሉም ያምራሉ፤ ባያምሩማ አትገዣቸውም ነበር። መጠየቅ ያለባት እግርሽ ናት። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ እግርሽ የት እንደዋለች ጻፊ። ስንት ሰዓት ተቀመጠች፣ ስንት ሰዓት ቆመች፣ የረገጠችው ድንጋይ ነው፣ ውሃ ነው፣ ምንጣፍ ነው? ከዚያ ጫማዎችሽን አንድ በአንድ እየጠራሽ ሥራ ስጫቸው። ሥራ ያላገኘው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ በክብር ይሸኛል።

ሌላው፣ አብዝተሽ የምታደርጊውን ጥንድ ሳታጥቢው፣ ሳትቀቢው እንዳለ ላኪልኝ። እግርሽንም ወረቀት ላይ አሳርፈሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪና አብረሽ ላኪ። ከአራቱ አንዱን እኔ ነኝ የምሠራልሽ።

እትዬሽ «ልጅቷ የጠየቀችህ ምክር ነው እንጂ ጫማ አይደለም፤ አርፈህ ተቀመጥ» ትለኛለች። እሷን ታውቂያታለሽ፤ ማስቲሹ ራሴን ያዞረኛል ብላ ሱቄን ከረገጠች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። የትራስ ልብሷን ትጥለፍ፣ ጫማውን ለኔ ትተወው።

ያንቺው አጎት

ጥቅምት 24

ለተከበሩ ጋሼ፤

እንደምን ከረሙልኝ? ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አንብቤ አራተኛውን ለአከራዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ለምን መሰለዎት? ካርቶኖቹን አገኟቸዋ።

ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ስመለስ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሰባቱን ጥንድ ጋዜጣ ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። «ዐሥራ አንድ ሲቀነስ አራት?» አሉኝ። «ሰባት» አልኳቸው። «ሰባቱ እስከ እሁድ» አሉኝ። ይኼኔ ነው የእርስዎን ደብዳቤ አውጥቼ ያነበብኩት። «እንግዳ በክብር ይሸኛል» የሚለው ጋ ስደርስ ፈገግ አሉና ጠባቧን ቡትስ አንስተው ሞከሯት። ልክ ሆነቻቸው። ይኸው አሁን ጠዋት ጠዋት በኔ ቡትስ ዳቦ ሊገዙ ይወጣሉ። ቀዩን ባለ ታኮ ደግሞ ከፊት ለፊታችን ላለችው ፀጉር ሠሪ ሰጠኋት፤ አድርጋው መስታወቱ ፊት ሦስት ጊዜ ዞረችና ከደንበኛዋ ፀጉር ላይ ማድረቂያውን ረስታው ልታቃጥላት ነበር። በዚህ ዓይነት እየሸኘሁ አምስት ጥንድ ብቻ ቀርቶኛል።

የሳምንቱን ዝርዝር እነሆ። ሰኞ፣ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ማክሰኞ፣ ቁጭ፣ ትንሽ መቆም። ረቡዕ ዝናብ ነበር፣ ቁጭ። ሐሙስም አርብም እንደዚያው። ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ፣ እሁድ ተኛሁ።

ቡናማውን ጫማ ልኬልዎታለሁ፤ ብዙ የማደርገው እሱን ነው። እግሬንም ጠዋት እንደነቃሁ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ አስምሬዋለሁ። ከተቻለ የሚሠሩልኝ ጫማ ከጥር ሠላሳ በፊት ቢደርስልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለኔ አይደለም፣ ለሥራ ባልደረባዬ ነው። ሰው ብዙ ቢራመድና የግራ ትንሿ ጣቱ እየተላጠ ቢያስቸግረው ምን ይሻለዋል?

ለእትዬ ሰላም ይበሉልኝ፤
ሚስማርዎ

ኅዳር 25

ለሚስማሬ፤

ሰላምሽ ይብዛ። መልሱ የዘገየው ጥሩ ቆዳ ፍለጋ ስዞር ነው። የእጅ ጽሑፉ የእትዬሽ መሆኑን አይተሽ አትደንግጪ፤ እጄን ማስቲሽ ነክቶት ወረቀቱን እንዳላበላሽ፣ እኔ እየተናገርኩ እሷ እየጻፈች ነው። (የሚለውን ሁሉ ግን አልጽፍም። እትዬሽ)

ጫማሽ ደረሰኝ። ብርሃን ወዳለበት ወስጄ ገለበጥኩት። ደግሜ ገለበጥኩት።

ልጄ፣ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ተረከዙ አያልቅም። ያንቺ ተረከዝ በውጭ በኩል እንደ ሳሙና ሟሙቷል። ጣትሽ የሚታጠፍበት ጋ ያለው ቆዳ የተሸበሸበው ደረጃ በሚወጣ ሰው ዓይነት ነው፤ ያውም ብዙ ደረጃ። የግራው ከቀኙ ይበልጥ አልቋል፣ ስለዚህ በግራ ትከሻሽ ከባድ ነገር ትሸከሚያለሽ። በስፌቱ ውስጥ የሦስት ዓይነት መንገድ አፈር አለ። ከዚያ ሥዕልሽን አመጣሁና ጫማው ላይ አስተኛሁት። ወረቀቱ ላይ ያለችው እግር ቀጭን ናት፣ ጫማው ውስጥ የኖረችው ግን ሰፊ ናት። እግር ክብደት ሲያርፍባት ትዘረጋለች። ወረቀቱ ተቀምጣለች ይለኛል፣ ሶሉ ስትሄድ ነው የምትውለው ይለኛል። ማንን ልመን?

በርግጥ እዚህ ላይ እኔም አጥፍቻለሁ። በዐርባ ዓመት ሥራዬ እግሩን ቁጭ ብሎ ያስለካ ሰው ገጥሞኝ ስለማያውቅ «ቁሚ» ማለት አልመጣልኝም።

ፖስታ ቤት ነሽ፣ እሱ እውነት ነው። ደብዳቤ አዳይ ነሽ፤ አይደለም በይኝ እስቲ። ጣቷ የተላጠው ባልደረባሽም አንቺው ነሽ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንቺ ደግሞ በፖስታ ተልኮ ቀለለ። ይህ ሲገባኝ ምን ያደረግሁ ይመስልሻል? ብድግ ብዬ ሳቅሁ። ዕድሜ ልኬን ለሰርግ አንድ ቀን ተደርጎ ቁምሳጥን ውስጥ ለሚቀመጥ ጫማ ስደክም ኖሬ፣ ይኸው በስተርጅና በቀን ሦስት አራት መቶ በር የምታንኳኳ እግር ከገዛ ዘመዴ መጣችልኝ። (እውነቱን ነው፤ ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል። እትዬሽ)

እንግዲህ ፍርዱ ይኸውልሽ። ከአራቱ ቦታ ሁለቱ የሥራ ጫማ ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት። አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ነገ። ጫማ ቀኑን ሙሉ ላብ ሲጠጣ ይውላል፣ ለመድረቅ አንድ ቀን ያስፈልገዋል፤ እርጥብ ጫማ ነው ጣትሽን የሚልጠው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል። ሦስተኛው ጉልበትሽ ሥር የሚደርስ የዝናብ ቡትስ ነው። አራተኛው ታኮው ዝቅ ያለ ጥቁር ጫማ ነው፤ ለሰርግም ለሐዘንም፣ አለቃ ፊት ለመቅረብም ይሆናል። የኔዎቹ እስኪደርሱልሽ ድረስ ረስተሽ ሁለት የገዛሻቸውን ነጮች አፈራርቂያቸው። እንዲህ ያለ መርሳት ለሁሉም ይስጠው።

እግርሽን እንደገና አስለኪ። ማታ ከሥራ መልስ፣ ቆመሽ፣ ቦርሳውን እንዳለ ተሸክመሽ። የሚያሰምርልሽ ሌላ ሰው ይሁን፤ አንቺ ጎንበስ ካልሽ ክብደቱ ይሸሻል። ደግሞ እዚያ ካገኘሽ ቀዳዳዋ ሰፊ የሆነች የቆዳ መርፌ ላኪልኝ። (ጣት ላይ የሚጠለቅ የስፌት ቆብም ጨምሪ፤ የሴት ጣት የሚሆን። እትዬሽ)

ያንቺው አጎት

ታኅሣሥ 6

ለተከበሩ ጋሼ፣ ለተከበሩት ጸሐፊያችን ለእትዬም፤

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ደረጃ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ስጨርስ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳቅሁ። በሩን ከፍተው የወጡት ሴትዮ «መጥፎ ደብዳቤ ነው?» ቢሉኝ «የለም፣ ጫማዬ አጋልጦኝ ነው» አልኳቸው።

አዎ፣ ደብዳቤ አዳይ ነኝ። ሦስት መቶ ሰማንያ በር፣ ዐሥራ አንድ ሕንፃ፣ ሊፍት ያላቸው ሁለቱ ብቻ፤ አንደኛው ሊፍት ደግሞ ሲፈልግ ይወጣል፣ ሲፈልግ ያድራል። መጀመሪያ ለእማዬ «ፖስታ ቤት» ስላት ወንበሩን ራሷ ጨመረችበት። እኔም ደስታዋን ላለማበላሸት ዝም አልኩ። ከዚያ ዝምታው ወንበር ሆኖ ቁጭ አለብኝ።

ጭንቀቴን ልንገርዎ። ቦርሳዬን አድርሼ ከስምንት ሰዓት በፊት መመለስ አለብኝ። እኔ የምመለሰው ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዝም ብለው ሰዓታቸውን ያዩና መዝገቡ ላይ ይጽፋሉ። በዚህ ከቀጠልኩ ጥር ሠላሳ ላይ መሰናበቴ ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሥራ ወድጄዋለሁ፣ ጋሼ። ሦስተኛው ሕንፃ ላይ ሰዓት ጠጋኝ የነበሩ ሽማግሌ አሉ፤ ልጃቸው በወር አንዴ ይጽፍላቸዋል። የእግሬን ኮቴ ለይተው ያውቁታል፤ ሳላንኳኳ በሩን ይከፍቱልኛል። ይህን በየትኛው ወንበር ላይ አገኘዋለሁ?

ያዘዙኝን ሁሉ አደረግሁ። ነጮቹን ባፈራርቃቸው በአንድ ሳምንት ጣቴ ዳነ፤ ከመዘግየቴም ላይ ሃያ ደቂቃ ተቀነሰ። ገና ሃያ አምስት ይቀረኛል። እግሬን ያሰመረልኝ አንጋፋው ባልደረባችን ነው፤ እኔ ሙሉ ቦርሳ ተሸክሜ እንደ ሐውልት ቆሜ፣ እሱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ምላሱን ጎልጉሎ፣ ሌሎቹ ከበውን «ቀጥ በይ፣ አትተንፍሺ» እያሉ። ለእማዬም በስልክ ነገርኳት። «ታዲያ ደብዳቤ አዳይ ከሆንሽ የኔን ደብዳቤ ለምን ታዘገዪብኛለሽ?» አለችኝ። ይኸው ነው፤ ሦስት ወር የፈራሁት ይህን ነበር።

መርፌዎቹንና የጣት ቆቡን ልኬያለሁ። የእትዬ እጅ ጽሑፍ ያምራል፤ ግን ጋሼ፣ ማስቲሽ በጋዝ ሲታሽ ከእጅ እንደሚለቅ በልጅነቴ ከእርስዎ ነው ያየሁት። እጅዎ ደህና ነው?

ሚስማርዎ

ጥር 2

ለሚስማሬ፤

ሰላምታው ይቆየኝ፣ ቸኩያለሁ፤ ጥቅሉን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ሊዘጋ ነው። የመጀመሪያው ጥንድ አልቋል። ሁለተኛው ይከተላል።

ሶሉ ድርብ ነው። ተረከዙን በውጭ በኩል ከፍ አድርጌዋለሁ፤ እግርሽ ወደዚያ ስትጋደል ገፍቶ ይመልሳታል። ግራው ከቀኙ ይሰፋል፤ ትንሿ ጣትሽ የራሷ ክፍል ተከራይታለች፣ አከራይም የለባት። ያቺ የቆምሽባት ሥዕል ስትመጣ አይተሽኝ ቢሆን። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ «አሁን ይህ እግር ነው» አልኩ። (አራት ጊዜ አለው። እትዬሽ)

ሦስት ቀን ቤት ውስጥ አድርጊው፤ አከራይሽን አስፈቅጂ። ክሩን ቆመሽ አትሰሪው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቁጭ በዪ፣ ተረከዝሽን ወደ ኋላ ገፍተሽ አስገቢ፣ ከዚያ እሰሪ። አንቺ መቀመጥ የተፈቀደልሽ ለዚህ ብቻ ነው።

ስለ እጄ የጠየቅሽው፣ እጅ እጅ ነው። (ይህን ብቻ ጻፊ አለኝ። ጻፍኩ። እትዬሽ)

ያንቺው አጎት

የካቲት 3

ለተከበሩ ጋሼና ለተከበሩ እትዬ፤

ሰላምና ጤና ለሁለታችሁም እኩል ይድረሳችሁ። የሚቀድመውን ላስቀድም። ሥራው ጸድቆልኛል። ቋሚ ሆኛለሁ።

ጥቅሉ የደረሰው እንዴት መሰላችሁ። ጠዋት የየሰፈሩን ፖስታ ስንለይ፣ ከኔ መንገድ ክምር ላይ የእትዬን እጅ ጽሑፍ አየሁ። አድራሻው የኔ ነው፣ አድራሹም እኔ ነኝ። «ስጡኝ፣ የኔ ነው» ብል አለቃዬ እምቢ አሉ፤ ጥቅል በአድራሻው ነው የሚሰጠው። ቀኑን ሙሉ ተሸክሜው ዞርኩ። በመጨረሻ የራሴን በር አንኳኩቼ ገባሁ፣ ለራሴ ፈርሜ ተረከብኩ። አከራዬ ይህን ሁሉ ቆመው አዩና ጤንነቴን ጠየቁኝ።

ጫማው ገና ሳጠልቀው የሚያውቀኝ መሰለኝ። ሦስቱን ቀን ቤት ውስጥ ተመላለስኩበት። በአራተኛው ቀን ወጣሁ፤ ስመለስ ለስምንት ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። አለቃዬ ሰዓታቸውን አዩ፣ ጆሮአቸው ላይ ለጥፈው አዳመጡት። በነጋታው እግሬ አንድ ቀን ስላረፈ በነጮቹም ስሄድ ለስምንት ሁለት ደቂቃ ቀረኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ስምንት አላለፈኝም። ጥር ሠላሳ ላይ ጠርተውኝ ወረቀቱን ሲሰጡኝ ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነበር የሚያዩት። «ማን ነው የሠራው?» አሉኝ።

እኔም «አጎቴ ብቻቸውን» ልል ብዬ ተውኩት። ምክንያቱም ማን እንደሠራው አውቄያለሁ።

ጋሼ፣ በልጅነቴ ሚስማር ለቅሜ ስጨርስ ስፌትዎን እቆጥር ነበር። በአንድ ጣት ስፋት አምስት፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ያዘመመ። ግራው ጫማ ከተረከዙ ጀምሮ እስከ ጎኑ እንደዚያ ነው። ጎኑ ጋ ሲደርስ ድንገት ሰባት ይሆናል፣ ቀጥ ያለ፣ ጥብቅ ያለ። ቀኙ ሙሉ በሙሉ ሰባት ነው። ያንን ስፌት ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት ተኝቼበታለሁ። ከቤት ስወጣ እትዬ የሰጡኝን የትራስ ልብስ አምጥቼ ጠርዙን ከጫማው ጎን አስቀመጥኩት። አንድ ናቸው።

እርስዎ የኔን ሶል አንብበው እውነቱን ተናገሩኝ። እኔም ስፌትዎን አንብቤያለሁና ይንገሩኝ። እጅዎ ምን ሆነ? ለምን ደበቁኝ? ይህን እየጻፍኩ አልቅሻለሁ፤ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነው የማለቅሰው፣ ሁለቱም አንድ ላይ ሆነብኝ።

ሌላ ነገር አለ። በፖስታው ውስጥ ያሉትን ወረቀቶች ስታዩ እንዳትደነግጡ። የዐሥራ አራት ደብዳቤ አዳዮች እግር ነው። ሁሉም ቆመው፣ ሁሉም ከሥራ መልስ፣ ሁሉም ቦርሳ ተሸክመው ነው የተለኩት፤ እኔ ራሴ ነኝ ተንበርክኬ ያሰመርኩላቸው። እንደኔ ያለ ይሠራልን ይላሉ። ካልተቻለ ግን አልተቻለም ማለት ይቻላል፤ ከጫማው እርስዎ ይበልጡብኛል።

ሚስማራችሁ

የካቲት 22

ለልጃችን፤

ሰላምሽ ይብዛ። ዛሬ የምጽፈው እኔ እትዬሽ ነኝ፤ በቅንፍ ውስጥ ሳይሆን በሙሉ አፌ። አጎትሽ የነገርሽንን ደስታ ሲሰማ ሱቁን ክፍት ትቶ ያቺ ታኮ ያስመታችው ነርስ ያለችበት ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ነግሯታል።

እውነቱን እነሆ። ከሐምሌ ጀምሮ የቀኝ አውራ ጣቱ አልታጠፍ አለው። ሐኪሙ መሥራት ይቅርብህ አለው። እሱም ሱቁን ለስልክ ጠጋኙ ሊለቅለት ተስማማ፤ ዕቃውን በካርቶን አድርጎ አስሮ ጨርሶ ነበር። ጠጋኙ ግድግዳውን ሊለካ የገባበት ዕለት ነው ያንቺ ደብዳቤ የመጣው። ማታ ቤት ሲገባ ፊቱ ሌላ ነበር። «ሚስማሬ ጫማ ጠየቀችኝ» አለኝ። አልጠየቅሽውም ነበር። በነጋታው ሄዶ ካርቶኖቹን ፈታ፤ ጠጋኙንም ታገሠኝ አለው፤ ያቺን የመጀመሪያ መልስም እስክሪብቶውን በግድ እየጎተተ ጻፈልሽ። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶም እምቢ አለው።

ግራውን ጫማ ራሱ ጀመረው። ጎኑ ጋ ሲደርስ ወስፌው ከእጁ ወደቀ። አነሳው፣ ደግሞ ወደቀ። ጫማውን ይዞ ቤት መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይል ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያወራ የሰለቸኝ ሰው ዝም ሲል አስፈራኝ። መርፌዬን አመጣሁ። «በየት በኩል ነው የሚወጋው?» አልኩት።

አሁን ጠዋት አብረን ነው የምንሄደው። ማስቲሹ ራሴን ያዞረኛል፤ እየዞረብኝ እሰፋለሁ። እሱ ይቆርጣል፣ ይለካል፣ ይጮህብኛል። እኔም እጮህበታለሁ። ስፌትሽ በዛ፣ አምስት ነው የሚባለው ሲለኝ፣ ደብዳቤሽን አውጥቼ ሰባት የሚለውን አነብለታለሁ። ስልክ ጠጋኙ የመስኮቱን ጥግ ወስዶ እዚያው ከኛ ጋር ይሠራል፤ ሰው ስልኩን ሊያሠራ መጥቶ ጫማውን አውልቆ ይሄዳል።

የዐሥራ አራቱን እግር ግድግዳው ላይ ሰቅለነዋል። አጎትሽ አንድ በአንድ አያቸው። ዘጠነኛው ሰውዬ ቆሞ አልተለካም፣ ሙሉ ክብደቱን ወንበር ላይ አሳርፎ ነው ይላል። መልሰሽ አቁሚው። የቀሩት ተጀምረዋል፤ በየተራ ይደርሳሉ፣ አትቸኩሉ በያቸው። ያንቺ ሁለተኛ ጥንድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል። ከተረከዝ እስከ ጣት በኔ እጅ ነው የተሰፋው። ነጮቹን አሁን ሸኚያቸው።

ከሥር ያለውን እሱ ነው የጻፈው። ልርዳህ ብለው እምቢ ብሏል።

እትዬሽ

ሚስማሬ፤

ይህ የግራ እጄ ነው። ገና ትምህርት ቤት የገባ ነውና ታገሺው። ለምን ደበቁኝ ላልሽው፣ አንቺ ወንበር እንደሌለሽ የደበቅሽበት ምክንያት ነው የኔም። መደርደሪያሽ ሞላ። አራት ጥንድ፣ አንድም እንግዳ የለበትም። ያ የቆምሽበት የእግርሽ ሥዕል ፊቴ ተሰቅሏል። ከሱ ፊት ቁጭ ብዬ ብጽፍ እንዳይታወቅብኝ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ቆሜ ነው።